አምስት ሰኞ ከቧንቧ የቀዳሁት ውሃ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያቃስታል ወይስ እንደ ምላስሽ ወጣት ሆኗል? የእማዬ ዓይንስ? ባልሽ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ ጎረቤት ቤት ለቀቀ? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን መቆሚያ መቀመጫ ካጣ አምስት ቀኑ ነው። ይህችን እንኳ ሦስቴ ተነሥቼ ሦስቴ ተቀምጬ ነው የምጽፋት። ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል ያመለጥኩት እያወቅሽ ነው።

የምሠራበት ጨርቅ ማቅለሚያ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ በመስታወት የገባ ወረቀት አለ፤ የአካባቢ ፈቃድ ይሉታል። ወደ ወንዙ የምትለቁት ውሃ ቀለሙ እስከዚህ፣ ሙቀቱ እስከዚህ፣ ካለፈ ማሽኑ ይቆማል ይላል። ለዚህም በየሰኞው ከፍሳሹ መውጫ አንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ቀጂው ፈርሞበት ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ ይላካል። ቀጂው ማን ይመስልሻል? ወንድምሽ። ስሜንም "ጠርሙስ" ብለውታል።

መውጫው ከግቢው ጀርባ ገደል ነገር ውስጥ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል፣ ጭቃው ጫማ ይውጣል። አንድ ሰኞ ዘነበ፤ እኔም ሰነፍኩና ጠርሙሱን ከግቢው የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ሞላሁት። መልክ እንዲይዝ ከሻዬ ጠብ አደረግሁበት። ማንም አልነቃም። በሚቀጥለው ሰኞ አልዘነበም፤ እኔ ግን ደገምኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አምስት ሰኞ ሆነ።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ጥርሷ የማይታይ ሴት ናት። ውሃችሁ ክሎሪን ተገኝቶበታል፣ ፈቃዳችሁ ላይ የሌለ ነገር ከየት መጣ አለች። የቧንቧ ውሃ በክሎሪን እንደሚታከም እኔ የት ልወቅ። ሁሉም ዞሮ ያየው ጋሼን ነው፤ ቀለም ቀማሚውን፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ የሆነውን፣ ሥራ ያስተማሩኝን ሽማግሌ። አለቃችን "ድሮ ጨርቅ በበረኪና ነበር የሚያነጡት፣ ክሎሪኑ ከዚያ ነው፤ አመል መቼ ይለቃል" አለ። የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሏቸው። ጋሼ ሽርጣቸውን አጥፈው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡና ወጡ። ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተው፣ እታለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሐሙስ ቢሮ ገብቼ "የቀዳሁት ከቧንቧ ነው" ብዬ ተናዘዝኩ። ሳቁብኝ። አለቃው "ባለፈው ወር መጋዘኑ ውስጥ እባብ ገባ ብለህ ያስሮጥከን አንተ አይደለህ? ለሽማግሌው አዝነህ ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ስዋሽ ያመነኝ ሁሉ እውነት ስናገር ከዳኝ። ለተቆጣጣሪዋ ደወልኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ድሮስ መቼ ስቃ።

አርብ መጥታ ሁለት ጠርሙስ አስቀዳችኝ፤ አንድ ከቧንቧው፣ አንድ ከመውጫው። ክሎሪኑ ከቧንቧው ተገኘ፤ የጋሼ ቁልፍ ተመለሰ። የመውጫው ውሃ ግን ከጠርሙሱ ማዶ ጣቴን የማያሳይ ሰማያዊ ነበር። በፈቃዱ መሠረት ማሽኑ ቆመ። የማጣሪያው ኩሬ በደለል ሞልቶ ኖሯል፤ በሰዓቱ ከመውጫው ቀድቼ ቢሆን ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር። አሁን ስልሳ ሰው ሥራ ፈትቶ እኔን ያያል፤ አስተያየቱን ለጠላቴም አልመኝ።

ትናንት ኩሬውን ልጠርግ ስወርድ ጋሼ ቀድመውኛል። አልተቆጡም፤ "አምስት ሰኞ አለብህ" ብለው አካፋ አቀበሉኝ። ነገ እኔው እቀዳለሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ያያሉ። ባይጠራስ እያልኩ አሁንም አሁንም ወርጄ አየዋለሁ፤ ጭቃው አንዱን ጫማዬን አስቀርቶታል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የሻዩን ነገር ግን እንዳትነግሪያት። ለባልሽ፣ ከማንኮራፋቱ ርቄ ጆሮዬ እስካሁን ያርፋል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን፣ ትንሹን ከንፍጡ በፊት ግንባሩን ሳሚልኝ።

አንድ ጫማ የቀረው ወንድምሽ፣
ጠርሙስ

ከኩሬው ዳር፣ እሑድ ግንቦት 9 ቀን