ጉዳዩ፦ ቀኑን ስለማስተካከል

ሰኞ፣ ጥር 18። ማታ 1:10

እምቢ አለ። ዛሬም። ሦስተኛ ቀኑ። ማውረጃውን እጫናለሁ፣ ቀይ ምልክት ያለበት ገጽ ይመጣል፣ እዘጋዋለሁ። ደግሜ እጫናለሁ። አልናደድም። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል።

አንተ ደብተር ስለሆንክ ላስረዳህ። ማውረድ የፈለግኩት ትንሽ የኮድ መጻፊያ ነው፤ ኤዲተር ይሉታል። ግራ በኩል ትጽፋለህ፣ ቀኝ በኩል የጻፍከው ወዲያው በሥዕል ይታያል። የሚጻፍበት ሼደር ነው፦ ስክሪኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትይዝ በቁጥር የምታዝበት አጭር ጽሑፍ። አዲስ አበባ ያለ፣ የልጆች ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ፈተና ልኮልኛል። የሚንቀሳቀስ ነገር ሥሪ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እሁድ የካቲት 1 ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ላኪ። ካለፍኩ ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ አገኛለሁ። ካላለፍኩ፣ የምሠራበት የኮምቦልቻው ፋብሪካ ውሌ ጥር 30 ያልቃል፤ አይታደስም ተብያለሁ። እኔና እማዬ የምንኖረው በዚያ ነው።

ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር። አያስፈራኝም።

ላፕቶፑ የአባዬ ነው። ከቁም ሳጥኑ ሳወጣው በእማዬ ሻሽ ተጠቅልሎ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ማንም ሳይነካው ባትሪው ሙሉ። የድሮ ዕቃ ጽኑ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ማታ 1:40

ኮምቦልቻ ውዬ መጣሁ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደተለመደው ጃኬቱን ያወልቃል። እኔ ረሳሁት። ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው፣ ሰዓዳ አልሞቀሽም ወይ ሲለኝ ነው በላብ መጠመቄን ያየሁት።

ዲዛይን ክፍል። የብርድ ልብስ አበባ። ቀዩን አበባ ሰማያዊ አደረግኩት፣ ኃላፊው ቀይ ይሻላል አለ፣ መለስኩት። ቀኑ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ኤዲተሩን በመ/ቤቱ ኮምፒውተር አውርጄ በፍላሽ ያዝኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቤት መጥቼ ስከፍተው ጫኚው ጀመረ፣ የቀረውን ከኢንተርኔት ላምጣ አለ፣ ከስልኬ ዳታ ሰጠሁት፣ ያው ቀይ ምልክት። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ነገ ለታደለ አሳየዋለሁ። ታደለ አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሁሉን ነገር ያውቃል፣ እንደሚያውቅም ያውቃል።

አክስቴ መጥታ ነበር። እስካሁን አላለቀሰችም አይደል አለች ለእማዬ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። እውነት ነው፣ አላለቀስኩም። የአባዬ ቀብርም ላይ፣ ሰደቃውም ላይ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ጫማ እቆጥር ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 21። ከሰ. 7:20፣ ፋብሪካ

ታደለ ፎቶውን አይቶ ሳቀ። አንብበሽዋል ወይ አለኝ። አላነበብኩትም። ለካ አምስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተጽፎ ነበር፦ የኮምፒውተርሽ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ስምንት ዓመት! እያንዳንዱ ድረ ገጽ የደኅንነት ማስረጃ አለው፣ ማስረጃው የተሰጠበት ቀን አለው፤ ለአባዬ ማሽን ያ ማስረጃ ገና አልተሰጠም። ስለዚህ አያምነውም። ማን ነው እንዲህ ያበላሸው አለ ታደለ። ወደ አበባዬ ዞርኩ።

አልተበላሸም። አባዬ ደሴ ሰኞ ገበያ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ለገበያ የመጣ ሰው የመሬቱን፣ የውርሱን፣ የልጁን ነገር ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፍለታል። የጽሕፈቱ ፕሮግራም ቀኑን ራሱ ይሞላል፣ ግን በፈረንጅ። የፈረንጅ ቀን ያለው ማመልከቻ ደግሞ ቀኑ ልክ አይደለም ተብሎ ይመለሳል። ከገጠር በእግሩ የመጣ ሰው ለቀን ብሎ ሲመለስ አይቶ፣ አባዬ የማሽኑን ቀን በእኛ አደረገው። ሰዓቱንም። የእሱ ማሽን ላይ ቀን የሚለወጠው ጎህ ሲቀድ ነው። የፈረንጅ ወር አንዴ 31፣ አንዴ 28 ስለሆነ ዝም ካሉት ይዛነፋል፤ ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ በእጁ ያስተካክለዋል። ጳጉሜን ማሽኑ ስለማያውቃት እነዚያን ቀኖች በእስክሪብቶ ይጽፋል። ኢንተርኔት አስገብቶበት አያውቅም። ምን ያደርግለታል?

ማሽኑ እንደሚያስበው ከሆነ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ አባዬም ሰኞ ገበያ ተቀምጧል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ከሰ. 9:00

ቀኑን ልቀይር ተቀመጥኩ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ። አልቻልኩም። አዝኜ አይደለም፤ ጣቴ ቆመ፣ በቃ።

ቁጭ ብዬ ቀኑን ሳየው ነው ሌላ ነገር የገባኝ። ጥር 23 ይላል። ልክ ነው። ልክ መሆን ግን አልነበረበትም። አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከለው ኅዳር 1 ነው፤ በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ገባ፣ አልተመለሰም። ሦስተኛው ወር ለማሽኑ ማርች ነው፣ 31 ቀን፤ ለእኛ ኅዳር፣ 30። ማንም ካልነካው ዛሬ ጥር 22 ማለት ነበረበት። በጣቴ ቆጠርኩ፣ በወረቀት ደመርኩ፣ በስልክ አሰላሁ። አንድ ቀን መጉደል አለበት። አልጎደለም።

ባትሪውም ሙሉ ነበር።

እማዬ በር ላይ ምስር ትለቅማለች። ጠጠሩን እያወጣች በመዳፏ ትሰበስባለች። ቀና ብላ ምነው አለችኝ። ምንም አልኩ።

እሁድ፣ ጥር 24። ማታ 12:30

አደረግኩት። እማዬ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ታች ሰፈር ለቅሶ ሄዳ ነበር። ቀኑን ስምንት ዓመት ወደ ፊት ገፋሁት፣ ወሩንም በፈረንጅ አደረግኩት። ጫኚው ልክ ምንም እንዳልተፈጠረ ሮጠ። አራት ደቂቃ። ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ የተጋደልኩት።

ኤዲተሩ ባዶና ጥቁር ነው። ደስ ይላል። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ስክሪኑ በሙሉ ግራጫ ሆነ። ሼደር የራሱ ጊዜ አለው፤ ከከፈትከው ቅጽበት ጀምሮ ከዜሮ ይቆጥራል። የእኛም የፈረንጅም አይልም። ግራጫውን ከዚያ ጊዜ ጋር አሠርኩት፣ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጉም መሰለ። እሺ፣ ጉም ይሁን አልኩ።

በሩ ሲንኳኳ ዘጋሁት። ሻሹን ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ መለስኩ። ቀኑን መመለስ ረሳሁ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እማዬ ቁም ሳጥኑ ያለበት ክፍል ሶላት ላይ ናት። ነገ።

ሰኞ፣ ጥር 25። ማታ 1:00

ከኮምቦልቻ እንደገባሁ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዓመቱ ተመልሷል፣ ጥር 25 ይላል። ሻሹም እንደ እኔ አልተጠቀለለም፣ አራት ማዕዘን ታጥፏል።

እራት ቀረበ። በላን። እማዬ ሳህኑን ስታነሳ ብቻ፣ ፊቴን ሳታይ፦ «ሰው ዕቃ ሲዋስ፣ ልጀ፣ እንዳገኘው ነው የሚመልስ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደምታደርገው ልጠይቃት ፈለግኩ፣ ብርጭቆዎቹን ብቻ ሰብስቤ ተከተልኳት። ኤዲተሩ ግን በድሮው ቀንም ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ችግሩ የመላኩ ዕለት ነው፤ ሥራው የሚላከው ከዚሁ ማሽን በኢንተርኔት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ጠ. 12:20

ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ ሁለት። ጉሙ እምቢ ብሎኛል፤ ወደ ላይ ይሄዳል። ለታደለ በቪዲዮ ባሳየው፣ ጭስ ነው እንዴ፣ ቤት ተቃጠለ ወይ አለ። የሐረጎን ጉም በቀን ሁለቴ እያቋረጥኩት አቅጣጫውን አላየሁትም ማለት ነው። ትናንት ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ጠርጌ አየሁ። ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ፣ ከመሐል እየተቀደደ። ቤት ገብቼ አንድ የመቀነስ ምልክት ጨመርኩ። ወረደ።

ከኅዳር ወዲህ በመስኮት ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ከሰ. 8:30

መታወቂያዬን መለስኩ። ዘበኛው እጄን ይዞ አላህ የተሻለውን ይስጥሽ አለኝ። አሚን አልኩ። ታደለ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ፣ ስለ ጉሙ ብቻ አወራ። ጎበዝ ልጅ ነው። ምንም አልተሰማኝም። እግሬን ብቻ አመመኝ።

ጉሙ አልቋል። ነገ መላክ አለበት፣ ለመላክ ቀኑ መቀየር አለበት። ደግሜ በስርቆት አላደርገውም። ጠዋት እማዬን እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለች አልልክም። ይህን ሁለቴ ሰርዤ ነው የጻፍኩት፤ አዲስ ነገር ነው፣ መዝግበው።

እሁድ፣ የካቲት 1። ጠ. 1:30

ቀድማኛለች። ስነቃ ከሱብሂ በኋላ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ላፕቶፑ ጭኗ ላይ። የአባዬ መነጽር ዓይኗ ላይ፤ ሰፍቷት ከአፍንጫዋ ስለሚንሸራተት በአንድ እጇ ትይዘዋለች። ስክሪኑ ጥር 31 ይላል፣ የሌለ ቀን። አጠገቧ አንድ ወረቀት።

አልደበቀችውም። እንኪ አንብቢ ብላ ገፋችልኝ። የአባዬ የእጅ ጽሑፍ። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ኅዳር 8
ለባለቤቴ ለወ/ሮ ዘይነባ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ቀኑን ስለማስተካከል
ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው እኔ አመልካች ነገ ሆስፒታል የምተኛ ስለሆነ፣ እስክመለስ ድረስ በየወሩ በመጀመሪያው ቀን ከሱብሂ በኋላ የማሽኑን ቀን እንዲያስተካክሉልኝ፣ ባትሪውም እንዳይሞት እንዲሞሉልኝ፣ ስመለስ የሰው ማመልከቻ በተሳሳተ ቀን እንዳልጽፍ እንዲተባበሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።
ከማክበር ሰላምታ ጋር
አመልካች፣ ባልዎ»

ከሥሩ የሚጫኑት ቦታዎች በሥዕል፤ ቀስት፣ ክብ፣ ቀስት። እማዬ ፊደል የቆጠረችው ካገባች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሥዕሉ ለዚያ ነው። በሕይወቱ አንቱ ብሏት አያውቅም።

ዳር ላይ፣ የመ/ቤት ኃላፊ ትእዛዝ የሚጽፍበት ቦታ ላይ፣ በእርሳስ፣ በእማዬ ትልልቅ ፊደል፦
ተፈጽሟል። ታኅሣሥ 1።
ተፈጽሟል። ጥር 1።

ጥር 1 ቀን ማሽኑ ልክ ነበር፣ ምንም የሚስተካከል አልነበረውም። ቢሆንም አይታ ጽፋለች።

አለቀስኩ። ደብተሬ፣ አለቀስኩ። እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። እማዬ ዝም አላሰኘችኝም፤ መነጽሩን አውልቃ ጠበቀችኝ።

ጠ. 4:00

ስለ ሥራው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ውሌ ሁሉንም ነገርኳት። ለአንድ ሰዓት ብቻ ቀኑን ልዋስ አልኩ። አሰበች። ከዚያ፦ «በቃል አይሆንም። ጻፊ።»

የቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። የማመልከቻ ጸሐፊ ሚስት ናት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ ለእናቴ ለወ/ሮ ዘይነባ፣ ባሉበት፣ ጉዳዩ፦ የአንድ ሰዓት ቀን ውሰት ስለመጠየቅ። ሁለቴ መለሰችብኝ። መጀመሪያ ርዕሱ አልተሰመረበትም፣ ቀጥሎ ፊርማ የለውም። ሦስተኛውን ጣቷን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እየሳበች አነበበች፣ ዳር ላይ ጻፈች፦ ይፈጸም። እንዳገኘሽው መልሺ።

ማታ 12:20

መብራት ከቀኑ 7 እስከ 10 ጠፋ። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ። እማዬ ራሷ ነች ዓመቱን የገፋችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ እያለች እስከ ስምንት። ስምንት ላይ ስትደርስ ቢስሚላህ አለች። ጉሙን ከፍቼ አሳየኋት። ሐረጎ ነው አለች፣ ሳልነግራት። 11:25 ላይ ተላከ። ደርሶናል የሚል መልስ መጣ፣ ሌላ ምንም። ልለፍ አልለፍ አላውቅም። ፈራሁ። በደንብ ፈራሁ።

ከዚያ ቀስቱን፣ ክቡን፣ ቀስቱን እያየች ስምንቱን ዓመት አንድ በአንድ መለሰች። ወሩን። ቀኑን። የካቲት 1። የእኔን ማመልከቻ ከአባዬ ማመልከቻ ጋር አጠፈችና ተወችው፤ የአባዬን እንደገና ዘረጋችው፣ ዓይኗን አሸች፣ ፊደሉ አደከመኝ አለች። እርሳሱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከጥር 1 ሥር ባዶ ቦታ አለ፣ እስከ ወረቀቱ ግርጌ። ከመጋቢት ጀምሮ የማስተካክለው እኔ ነኝ አልኳት። ጻፍኩ፦

ተፈጽሟል። የካቲት 1።