የተሳለምሁት ወረቀት

አያ ፈንታሁን፣ የበደልኸኝ አንተ ነህ። ሌላ ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ። ሐኪሙን እንዳልል፣ የሚነገረውን ሁሉ ነግሮሃል። ልጃችንን ገነትን እንዳልል፣ አስምለህ አፏን ዘግተኸዋል። በሽታውንም አልል፤ እሱ መጣ፣ የመጣበትን አድርጎ ሄደ። ያታለልኸኝ አንተ ነህና ደብዳቤውም የሚጻፈው ላንተ ነው።

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ያቺ ለቀበሌ ወረቀት አውራ ጣቷን ቀለም እየነከረች የምትፈርመው ጥሩነሽ። ፊደሎቼ ከመስመር ይወጣሉ፣ አንዳንዱም ከሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ግን ይነበባሉ። ብታይ ትስቅ ነበር። ሳቅህን አልወደውም እያልሁ ስዋሽህ ኖሬአለሁ፤ እኔ የዋሸሁህ ይችን ብቻ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ባለፈው ክረምት ነፋስ የጓዳውን ቆርቆሮ ገልብጦት ነበር፣ አሳደስሁት። መሬቱን የወንድምህ ልጅ በእኩል ያርሰዋል፤ እርሻው ሸጋ ነው፣ ምላሱ ግን አባቱን ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ከአጥሩ ሥር የተከልኸው ጌሾ ደርቋል ብዬ ልነቅለው ስል ዘንድሮ አቆጠቆጠ። ገነት እዚያው ጎንደር፣ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ከሷ ጋር እንድኖር ትለምነኛለች፤ እኔ ግን ከአገራችን ከትክል ድንጋይ አልወጣሁም። መቃብርህ እዚህ ነው። ተቆጥቼህም ቢሆን ቅርብህ መሆን እፈልጋለሁ።

ጭንቀታም እንደ ነበርሁ አልክድም። የመጀመሪያ ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ልቤ አርፎ አያውቅም። አንተ በሬ ልትሸጥ ገበያ ስትሄድ፣ እኔ ከቀትር ጀምሬ አጥሩ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቅህ። ገነትን ኩፍኝ ሲይዛት ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። አንተ ታዲያ፣ «ምነው ጥሩዬ፣ ለእግዜር አንድ ሥራ እንኳ ብትተይለት!» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ጭራሽ ከወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክመህ መጥተህ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥህና፣ «ካልቀረ ተቀምጠሽ ተጨነቂ» አልኸኝ። ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው። እንዲህ አድርጎ የሚስቅብኝ ሰው ያታልለኛል ብዬ አላሰብሁም።

ወረቀቱ የመጣው በሐምሌ ነው። ሆድህን ሲቆርጥህ ከርሞ ገነት ጎንደር ወስዳ አስመረመረችህ። ስትመለሱ ዝናብ መትቷችሁ ነበር። ኮትህን ተቀብዬ ምድጃው ዳር ልሰቅለው ስል ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። «ምንድን ነው ይሄ?» አልሁ። አንተ ገነትን አየሃት፤ ገነት መሬት መሬት አየች። ከዚያ ጉሮሮህን ጠረግህና፣ «መምሬ ተሰማ የሰጡኝ ጸሎት ነው። ሐኪሞቹ ጨጓራ ነው ብለዋል፤ በጸበልና በጸሎት ይለቃል። አንች ብቻ አትጨነቂ» አልኸኝ። መምሬ ተሰማ የንስሐ አባታችን ናቸው። በሳቸው ስም ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

አመንሁህ። ከነጠላዬ ጫፍ በቀደድሁት ጨርቅ ጠቅልዬ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቀልሁት። ጧትና ማታ እያወረድሁ ተሳለምሁት። ከታች ክብ ሐምራዊ ማኅተም ነበረበት፤ የቤተ ክርስቲያን ማኅተም መስሎኝ ከንፈሬን የማሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ሕመሙ ሲነሣብህ ደግሞ ወረቀቱን ሆድህ ላይ አድርጌ ከቀኝ ወደ ግራ አሽልህ ነበር። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ «አሜን» ትላለህ። ፈንታሁን፣ ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ እያወቅህ አሜን ትል ነበር!

እኔን ግን ጭንቀቱ ለቀቀኝ። እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። አጥሩ በር ላይ መቆም ተውሁ። አንተ ጸበል ሰንብተህ ስትመጣ እንኳ ሥራዬ ላይ ነው የምታገኘኝ። ሰዉ ሁሉ፣ «ጥሩነሽ አማረባት፤ ጸሎት ያለው ሰው እንዲህ ነው» ይለኝ ነበር። አንተ ስትከሳ እኔ ወፈርሁ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ፊቴን ልነጨው ይቃጣኛል።

የጎረቤታችን የዘርፌ ልጅ ሁለት ቀን ስታምጥ፣ ዘርፌ እየሮጠች መጥታ ወረቀቱን ተውሳ ወሰደች። ልጅቱ ሆድ ላይ አደረጉት፤ ብዙም ሳይቆይ ተገላገለች። የተወለደችውን ሕፃን ጸሎት አሏት። ወሬውን እየሮጥሁ ስነግርህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ሞትህ። በዚያ ጧት እንኳ ይድናል እንጂ ይሞታል አላልሁም። መስክ የሚወጣ ሰው እንኳ ደህና ዋይ ብሎ ነው የሚወጣው፤ አንተ ሳትሰናበተኝ ሄድህ። ከቀብር በኋላ የወቀስሁት ራሴን ነው። ጸሎት ይነበባል እንጂ ይሳማል እንዴ፣ እኔ ማንበብ ብችል እግዜር ይሰማኝ ነበር፣ በኔ ድንቁርና ነው የሞተ ብዬ አሰብሁ። ያልሠራሁትን ጥፋት ተሸክሜ ዓመት ተኩል ኖርሁ። ማን እንዳሸከመኝ አየህ? ለነፍስህ በራሴ አፍ ላነብልህ ብዬ በስድሳ ዓመቴ ፊደል ቆጠርሁ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እናቶችን ያስተምራሉ። ስድስት ሆነን ጀመርን፣ ሦስት ቀረን። አስተማሪያችን የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት፤ ስሳሳት፣ «እማማ፣ በሬ እንደሚጠምዱ አይታገሉት፣ ቀስ ይበሉ» እያለች ታስቀኛለች። ከስሜ ቀጥዬ መጻፍ የተማርሁት ገነት የሚለውን ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ፣ ከትምህርት እንደ ወጣሁ መቃብርህ አጠገብ ተቀመጥሁና ጨርቁን ፈታሁ። በስመ አብ ብዬ ጀመርሁ። «እኔ ፈንታሁን» ይላል። ስምህ ቀድሞ መምጣቱ ደስ አለኝ፤ ጸሎቱ ላንተ የተጻፈ ነዋ። ቀጥሎ «ሐኪም» የሚል አየሁ፤ ለሐኪምም ይጸለያል አልሁ። እያንጠለጠልሁ፣ ወደ ኋላ እየተመለስሁ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እያነበብሁ ሄድሁ። ሐኪም የመከረህን ቀዶ ሕክምና በራስህ ፈቃድ እንደማትቀበል፣ ለሚደርስብህም ሁሉ ኃላፊው ራስህ እንደ ሆንህ ይናገራል። ከታች ፊርማህ አለ። ከፊርማህ ሥር ምስክር ይልና ሌላ ስም አለ። እሱን ሳላንጠለጥል፣ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብሁት። ገነት።

ያ ሐምራዊ ማኅተም የሆስፒታሉ ነበር።

በማግሥቱ ጎንደር ሄድሁ። ወረቀቱን ገነት በምትሠራበት መስኮት ላይ ዘርግቼ አስቀመጥሁላት። አላነበበችውም፤ ገና ስታየው አወቀችው። «እማ፣ አባቴ በመስቀል አስምሎኝ ነው። እናትሽ ከሰማች ከኔ ቀድማ ትሞታለች አለኝ። የቀረችኝን ዕድሜ አጠገቧ ልጨርሳት አለኝ» ብላ አለቀሰች። የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየን፣ «ታዲያ አልሞትሁ! ይኸው አለሁ!» ብዬ ጮህሁባት። መምሬ ተሰማ ዘንድም ሄድሁ። ቀድሞ አንተ ሳለህ፣ ስለ ሰጡን ጸሎት እያመሰገንሁ መስቀላቸውን ስሳለም፣ እግዜር ይስማሽ ይሉኝ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳሉኝ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ በኋላ ነው የነገረኝ። ሰላምሽን ሳይ ላፈርሰው አልደፈርሁም» አሉ።

ሁላችሁም ታውቁ ነበር። በገዛ ቤቴ እንግዳዋ እኔ ነበርሁ።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ለባለቤቱ ቶሎ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፣ ከዚያ በማለዳ ሄደው ያረዱታል። ይቆያል እንጂ አይቀርም። አንተ የራስህን መርዶ ደብቀህ፣ ሳትነግረኝ፣ ወረቀት አስይዘኸኝ ሄድህ።

የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። በእግዜር ታመኝ ስትለኝ ኖርህ፤ እኔን ግን አላመንኸኝም። እግዜር ያጸናታል ብለህ ለሱ አልሰጠኸኝም፤ ለብቻህ ልትሸከመኝ ፈለግህ። ለእግዜር አንድ ሥራ ተይለት የምትለው ሰውዬ፣ አንተው ሥራውን ቀማኸው። ብትነግረኝ እጮህ ነበር። እህል እተው ነበር። ምናልባት ጎትቼ ጎንደር እወስድህ ነበር፤ ምናልባት ትድን ነበር፣ ምናልባትም አትድንም ነበር። አብረን አውቀን እንጸልይ ነበር ግን። ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር አንተ ለብቻህ ፈራህ፣ እኔ ለብቻዬ ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ ወዲህ ጭንቀቱ ተመልሶ መጣብኝ፤ ይባስ ብሎም ማንንም ማመን አቃተኝ። በሚያዝያ አገሩ ታውኮ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ከጎንደር ወሬ የሚያመጣ ሰው አልነበረም፤ ገነት ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም። ሁለት ቀን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። በሦስተኛው ጧት እጄ እንደ ልማዱ ወደ ሥዕሉ ተዘረጋ፤ የሚወርድ ነገር ግን አልነበረም። ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ባዶ እጄን ዘርግቼ ቆምሁ። «ጌታዬ፣ ልጄ በሕይወት ላትኖር ትችላለች። ይህን እያወቅሁ ነው የምሰጥህ» አልሁት። ከዚያ ሄጄ ላሟን አለብሁ። ልቤ መፍራቱን አልተወም፤ እየፈራ ግን ተቀመጠ። አንተ እንደ ሰጠኸኝ ሰላም የሚጣፍጥ አልነበረም። ቢሆንም ማንም አታልሎ የሰጠኝ አይደለም። በስድስተኛው ቀን ስልኩ መጣ፣ ገነትም ደወለች። ባትደውልም ኖሮ፣ ያን ጧት የሰጠሁትን መልሼ የምወስድ አይመስለኝም።

ለዘርፌም ነገርኋት። ወረቀቱ ጸሎት እንዳልነበረ፣ አልታከምም ብለህ የፈረምህበት እንደ ሆነ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ፣ «ወይ አያ ፈንታሁን! ልጄን በእምቢታ ነው ያዋለዳት?» ብላ እስኪያንቃት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አንተ ከሄድህ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ቤቴ ስገባ ነው ነገሩ የገባኝ። እግዜር ያን ቀን የምታምጠዋን ሰማ እንጂ ወረቀቱን አላነበበም። እኔንም ፊደል ሳልቆጥር ይሰማኝ ነበር። የሞትኸው እኔ ማንበብ ስላልቻልሁ አይደለም። አንተ ያሸከምኸኝን ሸክም ዘርፌ ናት በሳቋ ያወረደችልኝ።

ዘርፌ ግን ያው ዘርፌ ናት። ልጇ ዳግመኛ አርግዛለች፣ በመስከረም ትወልዳለች። «የፈለገውን ይበል፣ አንዴ ሠርቷል፤ አውሽኝ» ትለኛለች። ትንሿ ጸሎትም ግቢዬ ውስጥ ጥጃዋን ስታሯሩጥ ትውላለች።

አልረሳህም። በየዓመቱ ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ፤ መቃብርህን ሣር አይውጠውም። ገነትን ይቅር ብያታለሁ፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ ለኔ ሳትደብቅ እንድትነግረኝ እኔም በተራዬ በመስቀል አስምያታለሁ። አንተን ይቅር ለማለት ገና ነኝ። መንገድ ላይ ነኝና ጠብቀኝ፤ እስቲ አንተም በተራህ በሩ ላይ ተቀመጥ።

ወረቀቱን ግን ለዘርፌ አላውሳትም። ልጇ ምጥ ሲይዛት ራሴ እሄዳለሁ፤ እጇን እይዛለሁ፣ የማውቀውን እነግራታለሁ፣ የማላውቀውን ለእግዜር እተውለታለሁ። ከእንግዲህ ያላነበብሁትን አልሳለምም፤ የሰው ሰላም እንዳይደፈርስ ብዬም በውሸት ላይ አሜን አልልም።