ገጽ 211 ላይ ስለቆመው አንባቢ

ወንድም ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ ለአንተ አይደለም፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው። አንተ ግን እንደ ልማድህ ትከሻዬ ላይ ተደግፈህ አንብበው። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝምብህ አትሳቅ፤ ለባለሥልጣን ሲጻፍ እንዲህ ነው ብለው አስተምረውናል።

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንደሚሆን ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በውሰት ክፍልዎ የምታወቀው የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም ተብዬ ነው። ልብስ ሰፊው ወንድሜ ኩላሊቱን ታሞ አራት ወር ከተኛ በኋላ ባለፈው ወር አርፏል። ይህን የምገልጸው እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ የአንባቢያንን አስተያየት የሚያጣራው ኮሚቴዎ «አንባቢው ንባቡን ያላጠናቀቀበት ምክንያት አልተገለጸም» ብሎ ስለጻፈ፣ ምክንያቱ እንዲገለጽለት ነው።

ነገሩ «ዘጠነኛው መልእክተኛ» የተባለውን የስለላ ልብ ወለድ ይመለከታል። በጠላት ከተማ፣ በአንዲት ሴት ቤት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰላይ፣ ከቅርብ ሰዎቹ መካከል አሳልፎ የሚሰጠው ማን እንደሆነ የሚፈልግበት መጽሐፍ ነው። ሰው ሁሉ ወረፋ ይዞለት ነበር። ወንድሜ ዓይኑ ስለደከመ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀን አሥር አሥር ገጽ አነብለት ነበር። አሥሩ ሲያልቅ ግማሽ ገጽ ጨምርልኝ ይለኛል፤ እኔም እንደ መድኃኒትህ በልኩ ነው እለዋለሁ።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩. መግቢያው በር ላይ የመስታወት ሰሌዳ አቁመው የአንባቢያንን አስተያየት በመለጠፍዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይበልጥ የማመሰግንዎ ደግሞ፣ ሰው ሳያነብ አስተያየት እንዳይሰጥ በማሰብ፣ እያንዳንዱ አስተያየት ሰጪ መጽሐፉን ለመጨረሱ ማረጋገጫ እንዲሆን ፍጻሜውን በግልጽ እንዲጽፍ ስላዘዙ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት፣ የውሰቱን ጊዜ ላሳድስ በመጣሁ ቀን፣ በዓይኔ ትይዩ የሚከተለውን አነበብኩ፦ «እጅግ ልብ አንጠልጣይ ነው። ከዳተኛዋ አከራይዋ መሆኗን እስከ መጨረሻው አልጠረጠርኩም።» ከሥሩ ሌላ አንባቢ «እኔም አልጠረጠርኩም፤ ጀግናው ግን ባይሞት ጥሩ ነበር» ብሏል። ሁለቱም ሳይጠረጥሩ በማንበባቸው ደስ ብሎኛል። የውሰት ክፍሏ እትዬ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ሲገባ ሰሌዳውን ሳይሆን ጫማን እያዩ ነው እንጂ!» ብለው ሲጮኹብኝ አንብቤ ጨርሼ ነበር።

፪. ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሳላመለክት ሰላይ አድርገው ቀጠሩኝ። ከዳተኛዋን እያወቅኩ፣ ጀግናውም እንደሚሞት እያወቅኩ፣ በሕይወቴ አንድም ቀን ልዋሸው ያልሆነልኝ ወንድሜ ፊት ተቀምጬ አሥራ አንድ ቀን አነበብኩ። አከራይዋ ሻይ ይዛ ብቅ ባለች ቁጥር ድምፄ ይቀጥናል። ወንድሜ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ አንተ እኮ ሰላይ ብትሆን ገና ድንበሩ ላይ ነበር የምትያዘው እያለ ይስቅብኛል። አንድ ቀን፣ ይህች ሴትዮ ስትመጣ ጉሮሮህን ምን ይይዘዋል ብሎ ጠየቀኝ። ጉንፋን ነው አልኩት። እሱም የአስተያየት መስጫ ወረቀት እንዳመጣለት ላከኝ።

፫. ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእሱ ነው፦

«እስከ ገጽ 211 አንብቤያለሁ። የምጠረጥረው ሰላዩ የሚውልበትን ሆቴል ዘበኛ ነው። ገጽ 88 ላይ የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር እንደተሰፋ ተጽፏል። የደንብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ቁልፉን ሁሉ በአንድ ክር ነው የሚጨርሰው። ያ ቁልፍ ተፈትቶ ከሥሩ የተደበቀ ነገር አለ። ከተሳሳትኩ ማንም እንዳይነግረኝ።»

ኮሚቴዎ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ መስጠቱ በሌላ መሥሪያ ቤት ያላየሁት ትጋት ነው። «ንባቡ አልተጠናቀቀም፤ ያልተጠናቀቀበት ምክንያትም አልተገለጸም፤ መደምደሚያው ስህተት ነው፤ ከዳተኛዋ አከራይዋ ናት» ብሎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ከወረቀቱ ጋር በወንድሜ ስም ቤታችን ድረስ መልሶ ላከው። ፖስታውን በር ላይ ተቀብዬ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ወንድሜ ተለጠፈ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መሃል ላይ ነው፣ ሰው ቆሞ እያነበበው ነው አልኩት። ምን ይላሉ አለኝ። ልብስ ሰፊ ባይሆን ይህን ማን ያይ ነበር ይላሉ አልኩት። ያን ጊዜ ድምፄ አልቀጠነም። እሱም አልሳቀብኝም። ወረቀቱን ከጻፍን ወዲህ ማንበብ አልቻልንም ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልቻልንም።

ስለ አከራይዋ ከእኔ ጉሮሮ ተረድቶ፣ ምስጢሩን ያወጣሁበት እንዳይመስለኝ ብሎ ዘበኛውን ጠርጥሮ እንደሆነ አላውቅም። የምጠይቀው ሰው የለኝም።

፬. መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ። ያ ቁልፍ ከገጽ 88 በኋላ አንድም ቦታ አይነሳም። ደራሲው ረስቶታል። ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፉት አሥራ አራቱ ንባባቸውን ያጠናቀቁ አንባቢያንም አላዩትም።

ስለዚህ ወረቀቱ መሃል ላይ፣ ያለ ማስተካከያ እንዲለጠፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለወንድሜ የነገርኩት ነገር እውነት ሆኖ እንዲገኝ ነው፤ ከዘገየም በኋላ ቢሆን።

የሚያነቡት መጽሐፍ ሁሉ ፍጻሜው አስቀድሞ በደግ ሰው እንዲነገርዎ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን በመለመን፣ ከወገብ ጎንበስ ባለ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም

ከደብዳቤው የቀረ፦ ባለፈው ሰኞ ሰሌዳዎ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት በማንም ሳይነበብ የቆየበት ምክንያት ለኮሚቴዎ እንዳልተገለጸ ሰምቻለሁ። ለቅሶ የመጡት ዘመዶች ሄደው፣ እናታችንም ሥራ ገብታ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። የወንድሜን አልጋ አነጠፍኩ፤ መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ፤ በሩ እንደተከፈተ መስታወቱን በጀርባዬ ሸፍኜ ቆምኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ማንን ትጠብቃለህ አለኝ፤ ሰው አልኩት። ትንሽ ቆይታ አንዲት ተማሪ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ይዛ፣ ጣቷን መሃሉ ላይ እንደሰካች መጣች። ጫማሽን እያየሽ ግቢ አልኳት። ለምን ሳትለኝ አጎንብሳ ገባች።