ስለማይሰማው አውቶቡስ

ለተከበሩ የከተማ ትራንስፖርት ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎን፣ ጆሮዎን፣ ጉልበትዎን ይጠብቅልን። እኔ ከገበያው ማዞሪያ አጠገብ ልብስ የምሰፋ፣ የአንድ ዓይነ ስውር የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ሚስት ነኝ።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አውቶቡሶችዎ ከመጡ ወዲህ የሰፋሁት ነጭ ልብስ በጥላሸት አይጠቁርም፤ ባለቤቴንም ሳሉ ለቆታል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጭሱ የለም። በሬዲዮ ቀርበው «ኮሽታ እንኳ የማያሰሙ» እያሉ ሲያሞግሷቸው ግን እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ሁለተኛ፣ ይህ ሰው የማዞሪያውን መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት ብቻውን በጆሮው ተሻግሯል። የትኛው አውቶቡስ ፍሬኑ እንደሚያፏጭ፣ የትኛው ማርሽ ሲቀየር እንደሚያጓራ ለይቶ ያውቅ ነበር። ባለፈው ወር እንደ ልማዱ ቆሞ አዳመጠና ምንም ስላልሰማ ተራመደ። ዳሌው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አይቻለሁና በእሱ አልፈርድም። ባለቤቴ ግን አልጋው ላይ ሆኖ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ «መንገዱ ባዶ ነበር እኮ» ይላል። የገዛ ቤቱን ደጃፍ መሻገር ፈርቷል።

ሦስተኛ፣ ደወል ይገጠምላቸው ብዬ ላቀረብኩት ማመልከቻ ቢሮዎ «ደወል ባትሪ ይበላል» ሲል መልሷል። ባትሪው ዳገት ላይ ሲያልቅ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ እንደሚሄድ ስለማውቅ አልከራከርም፤ በአውቶቡሱ ጎን ቀን ከሌት የሚበራው የእርስዎ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ግን ባትሪ የሚበላ አይመስለኝም። ይልቅስ ቢሮዎ ለችግሩ ፈጣን መፍትሔ ሰጥቶናል፤ ባለቤቴ የወደቀበት ቦታ ላይ «አውቶቡሱ ድምፅ ስለሌለው ግራና ቀኝ ይመልከቱ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። ፊደሉ ደማቅ ነው፤ አነበብኩለት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ተውኩት። የምለምነው አንድ ደወል ብቻ ነው።

ጭስ አልባ ትጋትዎን ከልብ የማደንቅ፣ ስለ ረጅሙ ዝምታዎም ሳላመሰግን ማለፍ ያቃተኝ፣ ታዛዥዎ፣

የማዞሪያዋ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ የሚመረቀው አዲሱ መስመር በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በር እንደሚያልፍ ሰማሁ። ሕፃናቱም መንገድ ዳር ተሰልፈው አውቶቡሱ ሲደርስ እንዲያጨበጭቡ ታዘዋል አሉ። መድረሱን የሚነግራቸው ሰው መመደብ እንዳይረሱ።