አዶማ መጠጡን መልሳዋለች

ውድ እትዬ ፍሬማ፣

ይህን ደብዳቤ ከዲቪዲው በፊት አንብቢው። እንዳታልፊው ብዬ ከጠቀለልኩበት ጨርቅ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ። ሾፌሩ ነገ ጠዋት ከኩማሲ ይነሳል፤ እስከ ምሳ ሱንያኒ ይደርስልሻል። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ጥቅሉን ገና ስታዪው ለልጅ ልጅሽ «ቶሎ ክፈቺልኝ» ትያታለሽ። አታስከፍቺ። መጀመሪያ ተቀመጪ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አልሽኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጉንፋን ነው አልኩሽ። በሕይወቴ እንደዚህ ወር ጉንፋን ይዞኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ቁልፍና ዚፕ እየለየሁ ሬዲዮ እሰማ ነበር። መምህር አንክራ እንግዳ ሆነው ቀርበዋል። ያ «የጓሮው በር» የሚባለው ድራማ ታትሞ ሰው እቤቱ እንዲያየው ብለው አሥራ አንድ ዓመት ፊርማ ሲያሰባስቡ የኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ፣ ታውቂያቸዋለሽ። ካሴቶቹ ከአንድ የዕቃ ክፍል ተገኝተው በዲቪዲ ሊወጡ መሆኑን ደጋግመው ተናገሩ። ስምንት ሳምንት ብቻ ታይቶ ለጠፋ ድራማ! ጋዜጠኛው «ለመሆኑ መጨረሻውን የሚያስታውስ አለ?» ብሎ ስልክ ከፈተ። መጀመሪያ የደወለው የአሳፎ ሰፈር ሰውዬ «አዶማ የባሏን የእርቅ መጠጥ መለሰችው» አለ። እኔ ዚፑን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ያንቺ ነበር።

«ከሱንያኒ ነው። ፍሬማ እባላለሁ። ሰውዬው ተሳስተዋል። ባልዋ ዶንኮር የስፌት መኪናዋን በገዛ ራሱ ላይ ተሸክሞ፣ በገበያው መሃል አቋርጦ ነው ወደ ቤቷ የመለሳት። ያን ቀን ሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ግን እህቴ ሄዳ በዓይኗ አይታ ነግራኛለች።»

«እህትዎ ይታመናሉ?» አለሽ ጋዜጠኛው እያሾፈ።

አንቺ ሳቅሽ። «ዱፊ? ዱፊ ውሸት አትችልበትም። ብትዋሽም ያስታውቅባታል። እኔ ሳልሞት አንድ ነገር ነው የምፈልገው፤ ያንን ሰውዬ ከነሸክሙ በዓይኔ ባየው።»

ካንቺ በኋላ ሦስት ሰዎች ደውለው ደገፉሽ። አንዷማ የዶንኮር ሸሚዝ ሰማያዊ እንደነበር መሰከረች፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ እንደነበር ግን ማንም አላነሳባትም። እኔ በቧንቧው ሰልፍ ላይ ያወራሁት ወሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ዞሮ ዞሮ ምስክር ይዞ መጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ፣ ዶንኮር ምንም አልተሸከመም። የአሳፎው ሰውዬ ልክ ነው። አይቼ ነበር፤ አይቼ ነው የዋሸሁሽ።

በዚያ የድርቅ ዓመት ባልሽን ኦፖኩን ትተሽ፣ ሁለት ልጆችሽንና ያንን የብረት ሣጥን ይዘሽ ባንታማ እቤታችን ስትመጪ ትዝ ይለኛል። አክስቶቻችን ከበው ጠየቁሽ። መታሽ? አልመታኝም። አስራበሽ? አላስራበኝም። «ታዲያ ምን አደረገሽ?» ሲሉሽ፣ «አያናግረኝም» አልሽ። ኦፖኩ ሦስት ወር ሙሉ ቃል አልተነፈሰልሽም። «ወጡ ጨው አንሶታል ብለህ ንገራት» እያለ በልጁ በኩል ነበር የሚልክብሽ፤ አንቺ ፊት ለፊቱ ቆመሽ። ትልቋ አክስታችን እያጨበጨበች ሳቀች። «ዝምተኛ ባል! እኛ ለምነን ያጣነውን አንቺ ጥለሽው መጣሽ?» አለችሽ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እኔ ክፍል ገባሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የራሴ የምለው አልጋ ካገኘሁ ገና አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። አንቺና ልጆቹ አልጋው ላይ፣ እኔ ሰሌን ላይ። ትንሿ አቤና ሌሊት ሌሊት ትሸናበት ነበር። አንድ ቀን «ዱፊ፣ ወገብሽን አላመመሽም?» አልሽኝ። «ኧረ ምንም» አልኩሽ። ወገቤ ግን አሞኝ ነበር። ያኔ አንዴ ተቆጥቼ «አልጋዬን መልሽልኝ» ብልሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሐሙስ ሐሙስ «የጓሮው በር» ሲጀምር ግቢው በሙሉ አጎታችን ያምዋ መስኮት ሥር ይሰበሰባል። አዶማ ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏን ትታ የሰው ጓሮ ተከራይታ። ሴቶቹ «ትመለስ»፣ «አትመለስ» ሲባባሉ አንቺ ወገብሽን ይዘሽ ከበሩ ዘንድ ቆመሽ ታያለሽ። በሰባተኛው ሳምንት ዶንኮር ሽማግሌዎች ሰብስቦ የእርቅ መጠጥ ይዞ መጣ፤ ቤተሰቧ ከጠጣው ልትመለስ፣ ካልጠጣው ልትቀር፤ ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ። የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት ኦፖኩም ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ መጠጡን ይዞ እኛ ቤት መጣ። አጎታችን «ቅዳሜ መልስ እንሰጣችኋለን» ብለው አሰናበቷቸው። አንቺ ያን ዕለት ሳህን እያጠብሽ «እኔ እንደሆንኩ አዶማ የምታደርገውን ነው የማደርገው» አልሽ። ሴቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ፊትሽን አየሁት፤ እየቀለድሽ አልነበረም።

መጨረሻው በሚታይበት ሐሙስ መብራት በፈረቃ ነበርና የመጥፋት ተራው የኛ ሰፈር ሆነ። አሳፎ መብራት አለ ተባለ። አቤና ኩፍኝ ይዟት ጭንሽ ላይ ነበረች። «ሂጂ» አልሽኝ፤ «በእኔ ዓይን እዪልኝ። አንዲት ነገር እንዳታስቀሪ።»

አሳፎ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት መስኮት ላይ ከአርባ ሰው ጋር ተጋፍቼ አየሁ። የአዶማ አጎት «ይህን መጠጥ እንጠጣው ወይ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሁለቱን ጊዜ ዝም አለች። በሦስተኛው «አመሰግናለሁ። ይዛችሁት ተመለሱ» አለች። ከዚያ በጓሮው በር ወጥታ ክፍሏ ገባች፤ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ክሩን መርፌው ውስጥ ልታስገባ ብትሞክር እጇ ተንቀጥቅጦ እንቢ አላት። በሁለተኛው ገባ። መስፋት ጀመረች። ምስሉ ጠፋ፤ የመኪናው ድምፅ ግን ቀጠለ። ከጎኔ የነበረችው ሴት አጨበጨበች፤ ሌላዋ «ባለጌ!» ብላ ተፋች። እኔ አለቀስኩ።

ለአንቺ ልነግርሽ እየሮጥኩ ነበር የተመለስኩት፣ እመኚኝ። ኬጄቲያ መኪና ተራ ጋ ስደርስ ግን እግሬ ቀስ አለ። ይህን ከሰማች ትቀራለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ስለ አልጋው አሰብኩ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሌላ ስም ስሰጠው ኖሬያለሁ። ለልጆቹ አባት አስቤ ነው፣ ለቤተሰቡ ስም አስቤ ነው፣ ገና ልጅ ነበርኩ፣ እያልኩ። አንዱም እውነት አይደለም። አልጋው ነው፣ እትዬ። ወገቤን ዘርግቼ ልተኛ ፈልጌ ነው።

ደጃፉ ላይ ፋኖስ ይዘሽ ጠበቅሽኝ። «እሺ?» አልሽ።

«ተመለሰች» አልኩሽ።

ፋኖሱን ከፍ አድርገሽ ፊቴን አየሽው። ያላመንሽኝ መሰለኝና ያን ነገር ጨመርኩበት፤ ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። «ዶንኮር የስፌት መኪናዋን ተሸከመላት» አልኩሽ።

«እጁ ላይ?»

«ራሱ ላይ።»

«ያ ኩሩ ሰውዬ? በገበያው መሃል?»

«በገበያው መሃል።»

«ሰው እያየው?»

«ሰው እያየው።»

አቤናን እንዳቀፍሽ አለቀስሽ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንባሽን ጠረግሁልሽ። በማግስቱ ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ያንኑ ከመድገም ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ላብ እንዳጠመቀውም ጨመርኩበት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አጎታችን «ፍሬማ፣ ይህን መጠጥ እንጠጣው ወይ?» አሉሽ። አንዴ ዝም። ሁለቴ ዝም። በሦስተኛው ኦፖኩን ትክ ብለሽ አይተሽ «ጠጡት» አልሽ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ይበቃ ነበር። ብርጭቆ ነበር የማድለው፤ ማደሌን ቀጠልኩ።

ከዚህ ሁሉ ግን ቀን ተሌት የማይለቀኝ ሣጥኑ ነው። ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል። ኦፖኩ ፊት ፊት ሄዶ መሪው ላይ ተቀምጧል። አንቺ ደጃፉ ላይ ከሣጥንሽ አጠገብ ቆመሻል። አክስታችን «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችሽ። ምን እንደምትጠብቂ በዚያ ግቢ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ኦፖኩ ጡሩምባውን ነፋ። እንደገና ነፋ። አንቺ አልተነቃነቅሽም። ያኔ እኔ መጥቼ ሣጥኑን አንስቼ ራሴ ላይ አደረግሁትና እየተቻኮልኩ መኪናው ላይ ጫንኩልሽ። «ተባረኪ እህቴ» አልሽኝ።

የዚያን ዕለት አልጋዬ ላይ በሰያፍ ተኛሁ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብልሽ ሌላ ውሸት ይሆናል። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። «የቤቱ ጌታ ዛሬ ሁለት ቃል አወጣ፤ አንዱ ‹ሙቀቱ› ነው» እያልሽ በስልክ ስታስቂኝ እስቃለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ምግብ አይወርድልኝም። አንድ ጊዜ ደግሞ «የዶንኮርም ልብ እኮ ወዲያው አልተመለሰም፣ ስምንት ሳምንት ፈጅቶበታል። የኔው ትንሽ ቆየ እንጂ» አልሽኝ። ወደ እሱ ከተመለስሽ ሃያ ዓመት ሆኖሽ ነበር ያኔ።

የመምህር አንክራን ፊርማም ፈርሜያለሁ ብዬሽ ነበር። አልፈረምኩም። ካሴቶቹ የነበሩበትን ክፍል ጎርፍ ገባበት የተባለ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ዲቪዲውን ባለፈው እሁድ ሱቄን ዘግቼ አየሁት። ሳስታውሰው ከኖርኩት ያጥራል። አዶማ በር ስትዘጋ የስቱዲዮው ግድግዳ ይወዛወዛል። ክሩንም በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያስገባችው፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ያንን ከየት አመጣሁት? ደግሜ ደግሜ አየሁት። የቀረው ሁሉ እንዳየሁት ነው፤ «ይዛችሁት ተመለሱ» ትላለች፣ ትወጣለች፣ ትሰፋለች።

ዲቪዲው «አልቋል፣ ተሽጧል» ልልሽ ነበር። አንዲት ቃል ናት። አንቺም ዶንኮርሽን እንደያዝሽ ትኖሪያለሽ። ስድሳ ሦስት ዓመት ከሆነሽ በኋላ ይህ ምን ይጠቅምሻል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝም አትሳሳቺም። ግን ከልጅ ልጅሽ ጋር ተቀምጠሽ፣ ያ ሰውዬ ሸክሙን ይዞ ብቅ እስኪል እስከ መጨረሻው ስትጠብቂ ታየኝ። አንዴ ሣጥን አጠገብ ቆመሽ አስጠብቄሻለሁ። ሁለተኛ አላስጠብቅሽም።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ኦፖኩን ተይው አልልሽም፣ አትተይው አልልሽም፤ አንዴ ወስኜልሽ ያደረስኩሽን አይቻለሁ። ከሱቄ ጀርባ አንድ ክፍል አለች። አልጋ አላት፤ አንሶላውን ዛሬ ለውጫለሁ። እኔ ሰሌን ገዝቻለሁ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ሱንያኒ እመጣለሁ። ላታዪኝ ከፈለግሽ በሩን ዝጊው፤ ሳላንኳኳ እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም። ልታዪኝ ከፈለግሽ ደግሞ ያንን ሣጥን ደጃፉ ላይ አውጪልኝ፤ ሙሉም ይሁን ባዶ። አንገቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም ራሴ ላይ አድርጌ፣ በገበያው መሃል፣ ሰው እያየኝ እሸከመዋለሁ።

አልጋውን የፈለገችው እህትሽ፣
ዱፊ