ከሸክላው የቀረው ስንኝ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ወንድምሽ ጉልበቷን ያማታል ብሎኝ ነበር፤ የኦሃዮ ብርድ እንዳልጠናብሽ ተስፋ አለኝ። እኔ ከጥርሴና ከድምፄ በቀር ደህና ነኝ። ሠላሳ ዓመት አንድ መስመር ሳይጽፍ ኖሮ ዛሬ ምን ነካው እንደምትዪ አውቃለሁ። ብትቀጂውም አልፈርድብሽም፤ እባክሽ መጀመሪያ አንብቢው።

ነገሩ ያ ዘፈን ነው። «የበረንዳውን መብራት አጥፍታ ሄደች» ብዬ ናሽቪል ሸክላ ካስቀረጽኩት ወዲህ ስንቱ እጅ ገባ መሰለሽ! አንዱ የቴክሳስ ሰው በቫዮሊን አፍጥኖ መጨፈሪያ አደረገው። አንዲት ሴት ደግሞ «አጥፍቶ ሄደ» ብላ ገለበጠችው፤ ያኔ እውነቱ ሊወጣ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። የአላባማ ዘማሪዎች መዝሙር ሲያደርጉት መብራቱ ነፍስ ሆኖ አረፈው። ሁሉም የተማሩት ከእኔ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ላይ ያለው ደግሞ ሁለት አንጓ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ማንም አያውቀውም። አንቺም አታውቂውም።

ፋብሪካ ሥራ ይዘሽ፣ ቤት ተከራይተሽ እናቴ ዘንድ ያቆየሻትን ልጃችንን ቬርናን ልትወስጃት ስትመጪ ዘፈኑ ቀድሞሽ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ፣ «ጥለሽን ሄደሽ የለ! ራዲዮኑ ሳይቀር ያውቃል» አለችሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላረምኳትም፤ አንቺም ብቻሽን ተመለስሽ።

ባለፈው ሳምንት ቬርና ጊታሯን ይዛ መጣች። ዘፈኑን በራሷ ድምፅ ልታስቀርጸው ነው። «አባዬ፣ ይሄ ነገር መሃል መንገድ ላይ ነው እኮ የሚቆመው። የጎደለው የለም?» አለችኝ። ጆሮዋን ከአንቺ ነው የወረሰችው። ለራዲዮ ረዘመ ተብሎ አንድ አንጓ ተቆረጠ አልኳት።

«ማን ቆረጠው?»

የሸክላ ቤቱ ሰውዬ ልላት ነበር፤ ለሰው ሁሉ የምለው እንዲያ ነው። ሰውዬው ግን «የፈለግኸውን አንዱን ጣል» ነበር ያለኝ። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ከከተማ ከተማ ስዞር አንቺ መጠበቅሽን ሰው እንዲሰማ አልፈለግኩም። እንዲታዘንልኝ ፈለግኩ። በስተርጅና አፈርኩና ዘፈንኩላት፦

ሦስት ክረምት ሙሉ በርቶ ሲጠብቀኝ፣
እሷ መቼ ሄደች፣ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ድምፄ ተሰነጣጠቀ፤ ግን ጨረስኩት። ቬርና ጊታሯን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። «ሠላሳ ዓመት እኮ ነው አባዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቴን ሳማ ኖርኩ!» ብላኝ ወጣች። ትናንት ደወለችና ሰላምታም ሳትሰጠኝ የቤትሽን አድራሻ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ይገባኛል።

የኔን ይቅርታ ለሌላ ቀን አቆዪው፤ ብትነፍጊኝም እውነት አለሽ። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ከሰው አያጉድለው። በዚህ ሳምንት ብቻ፣ ሲመሽ የበረንዳሽን መብራት እንዳታጠፊው።

የልጅሽ አባት