ያልተጠሩት መልእክተኛ፦ የማዚ ኡዞኤቺ ኦሱጂ የሕይወት ታሪክ

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሲጻፍ ታላቅ እህታቸውን እመት ኦዪዲያን የጠየቀ የለም፤ ፊደል አልቆጠሩማ! «ጡረታ የወጡ ጸሐፊ» ተብሎ ታተመ። እመት ኦዪዲያ ቀደው ጣሉትና ይህንን በቃላቸው አስጻፉ፤ ሦስት ጊዜም አስነበቡ።

ማዚ (በአገራቸው «አቶ» ማለት ነው) ኡዞኤቺ ከአባታቸው ከማዚ ኦሱጂና ከእናታቸው ከንዋኡጎ እ.ኤ.አ. በ1934 ቤንዴ አጠገብ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከፍለው ያስተማሯቸው እህታቸው ናቸው፤ ራሳቸው ከትምህርት ቀርተው የዘንባባ ዘይት ሲጨምቁ ኖረዋል፤ ይታወቅ። በ1962 ወይዘሮ ኡሎማን አግብተው ቺካዲቢያንና ሁለት ሴት ልጆችን ወለዱ።

በግንቦት 1967 ቢያፍራ ተገንጥላ ሪፐብሊክ ስትባል ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገቡ። የታሸገ የቆዳ ቦርሳ ይዘው፣ መብራቱን አጥፍቶ ከኡሊ ማኮብኮቢያ በሚነሣ አውሮፕላን ወደ ጋቦኗ ሊብረቪል ተመላለሱ፤ ጦርነቱን ለማስቆም ለተጠራው ድርድርም አዲስ አበባ ሄደው በብርድ ተንቀጥቅጠዋል። ታንዛንያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስት፣ ዛምቢያና ሄይቲ ለሪፐብሊኳ እውቅና ሰጡ። የሹመት ደብዳቤያቸው «እስክትጠራ ድረስ ከሥራህ አትነሣ» ይላል። የፈረሙት አለቃቸው ማዚ ኦንዉክዌ ናቸው። በጥር 1970 ሪፐብሊኳ እጅ ሰጠች። ማዚ ኡዞኤቺን ግን የጠራቸው የለም።

ስለዚህ አልተነሡም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳሎናቸው ውስጥ አምስት ወንበር ለአምስቱ አገሮች አኖሩ፤ ማንም አይቀመጥባቸውም። በየዓመቱ ግንቦት 30፣ ሪፐብሊኳ በታወጀችበት ቀን፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ቆርሰው ለየወንበሩ ያቀርቡ ነበር። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው። የተማሩት «አይጥ ነው» ይላሉ። ፍሬውን በልታ ሳህኑን አጥባ የምትሄድ አይጥ ያየ ካለ ይንገረን።

በሳንባ ሕመም ሰባት ወር ተኝተው መጋቢት 4 ቀን 2018 ዐረፉ። በዘጠነኛው ቀን፣ ሬሳቸው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። የቺካዲቢያ ሚስት ኦዲናካ መቀመጫ አጥታ ከአምስቱ ወንበሮች በአንዱ ቁጭ ከማለቷ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ይሄ ወንበር ይሞቃል!»

«ሰው ቢኖርበት ነዋ፤ አልፈሽ ተቀመጪ» አሉ እመት ኦዪዲያ።

ልጅቷ የቀሩትን አራቱንም በመዳፏ ዳሰሰች። ሁሉም ይሞቃሉ። ራቅ ብሎ የቆመውን የማዚ ኡዞኤቺን የራሳቸውን ወንበር ነካች። እሱም ይሞቃል።

እመት ኦዪዲያ ነገሩ ያኔ ገባቸው፤ ወንድማቸው ሞተውም ሥራ ላይ ናቸው። ማዚ ኦንዉክዌን «ይጥሯቸውና ይረፉ» ብለው ለመኑ።

ማዚ ኦንዉክዌ ሣቁ። «እህቴ፣ የሌለ መንግሥት ሰው አይጠራም።»

«የሌለ መንግሥት ታዲያ እንዴት ሰው ላከ?»

ማዚ ኦንዉክዌ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሳሎኑን አይረግጡም፤ በጓሮ በር ነው የሚገቡት።

ማዚ ኡዞኤቺ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆች፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችና ሞትን ሳይቀር የሚሟገቱ እህት ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ጎን ያሳርፍልን፤ መንገዱን የዘጋባቸው ሰው ከከፈተላቸው።

ማዚ ኦንዉክዌ፣ በዚህ ቀብር ላይ ፊት ረድፍ ተቀምጠው አይተንዎታል። ሳጥኑ ሳይከደን ይነሡ። «ኡዞኤቺ፣ ሥራህ አልቋል፣ ወደ ቤት ግባ» ይበሉ። ጮክ ብለው። ወንበሮቹም ይስሙ።